ልጆች ሰው እያገለገሉ የጤና ልማድ ሲማሩ፦ ጥያቄና መልስ

ከኮዬ ፈጬ፣ ከቱሉ ዲምቱና ከየካ አባዶ አካባቢ ያላችሁ መምህራንና ወላጆች ጥያቄ ልካችኋል፤ አመሰግናለሁ። ጉዳያችን በአገልግሎት መማር ነው። ከ1ኛ እስከ 4ኛ ክፍል ያሉ ልጆች ለሌላ ሰው የሚጠቅም ነገር እየሠሩ እጅ መታጠብን፣ ጥርስ ማጽዳትን የመሰለ ልማድ ይይዛሉ። በትምህርት ቤት የጤና ክበብ ስለምሠራ የማውቀውን ልንገራችሁ።

«ይሄ ከጽዳት ዘመቻ በምን ይለያል?» (የ2ኛ ክፍል መምህርት)

ዘመቻ ላይ ልጆች መጥረጊያ ይዘው ይወጣሉ፣ ጠርገው ይገባሉ፣ አለቀ። እዚህ ግን ሥራው ከትምህርቱ ጋር ይያያዛል። ልጆቹ መጀመሪያ ያጠናሉ። ምሳ ሰዓት ላይ ከእጅ መታጠቢያው አጠገብ ቆመው ስንቱ በሳሙና እንደታጠበ፣ ስንቱ ጣቱን ብቻ አርሶ እንደሄደ በጠጠር ይቆጥራሉ። ሒሳብ ክፍለ ጊዜ ላይ ቁጥሩን ሰሌዳ ላይ በሥዕል ያወጡታል። ከዚያ «ምን እናድርግ?» ተባብለው ያቅዳሉ፣ ይሠራሉ። በመጨረሻ ቁጭ ብለው ስለሠሩት ያወራሉ። ይህን ወሬ ብዙ ሰው ይዘለዋል፤ እኔ ግን ዋናው እሱ ነው እላለሁ። «ያልታጠቡት ለምንድን ነው?» ሲባል አንዱ ልጅ «ቧንቧው አይደርስልኝም» ይላል። ቧንቧው ከፍ ብሎ መሠራቱን እኛ ትልልቆቹ ልብ ብለነው አናውቅም።

«ልጄን የላክሁት ፊደል እንዲቆጥር እንጂ ሰው እንዲያገለግል አይደለም።» (አንድ አባት)

ስጋትዎ ይገባኛል፤ ልክም ነዎት። ሥራው ትምህርቱን ከተሻማ ይቅር። በደንብ ሲያዝ ግን ፊደሉም ቁጥሩም እዚያው ውስጥ አለ፤ «በሳሙና ታጠቡ» ብሎ ለመለጠፍ መጻፍ ያስፈልጋላ። ሌላም ልጨምርልዎ። ሽንት ቤት ማጠብ የትንሽ ልጅ ሥራ አይደለም። ወንዝ ዳር ቆሻሻ መልቀምም አይሆንም፤ መርፌና የጠርሙስ ስባሪ አለ። ደግሞ ቅጣት በፍጹም አይሁን። «አርፍደሃልና ሂድ ጥረግ» የተባለ ልጅ የሚማረው ጽዳት ቅጣት መሆኑን ነው።

«የ8 ዓመት ልጅ ምን ማገልገል ይችላል?»

ታናሹን ማስተማር። በ1978 እ.ኤ.አ. ለንደን ውስጥ የተጀመረው «ከልጅ ለልጅ» የሚባለው የጤና ትምህርት ዘዴ የተነሳው ከዚሁ ሐሳብ ነው፤ ትልልቅ ልጆች ለትንንሾቹ ጤና ብዙ ማድረግ ይችላሉ። የ3ኛ ክፍሉ ልጅ አንድ የኬጂ ልጅ ይመደብለታል። ከምሳ በፊት እጇን ይዞ ወደ ውሃው ይወስዳታል። ሳሙናውን አብረው ይቀባሉ፤ መዳፍ፣ የእጅ ጀርባ፣ በጣቶች መካከል፣ አውራ ጣት፣ ጥፍር። ቀስ ብለው እስከ 20 ይቆጥራሉ። ለትንሿ ትምህርት ነው፤ ለትልቁ ግን ይበልጣል። ታናሽ ዓይኗን ተክላ እያየችው ሳይታጠብ ምሳ ላይ መቅረብ ያፍራል። «ታጠብ» ብለን ስንት ጊዜ ብንጮህ ይሄን አናመጣውም።

«ውሃ በፈረቃ ነው የሚመጣልን። ሲጠፋስ?»

የዳር ሰፈር ትምህርት ቤት ሁሉ ጭንቀት ነው። በእግር የሚረገጥ መታጠቢያ ሥሩ። ባዶ የ5 ሊትር የዘይት ጀሪካን ይበቃል። ምስማር በእሳት አግላችሁ ከአፉ ዝቅ ብሎ አንድ ቀዳዳ ብሱ፤ ይሄን ትልቅ ሰው ይሥራው። ሁለት ባላ ትከሉና አግዳሚ እንጨት በጀሪካኑ እጀታ አሳልፋችሁ አንጠልጥሉት። ከፍታው በልጆቹ ደረት ልክ ይሁን። ገመድ ክዳኑ ላይ አስራችሁ ሌላውን ጫፍ መሬት ካለ ዱላ ጋር አያይዙት። ልጁ ዱላውን ሲረግጥ ጀሪካኑ ዘንበል ይላል፣ ውሃው ቀጠን ብሎ ይወርዳል። እግሩን ሲያነሳ ይቆማል። የቆሸሸ እጅ ጀሪካኑን አይነካም፣ ውሃም አይባክንም። ጭቃ እንዳይሆን ከሥሩ ጠጠር አፍስሱ። ተረኛ ልጆች ጠዋት ጠዋት ከሮቶው በጆግ እየቀዱ ይሙሉት። የሚጠጣ እንዳልሆነ ግን ይነገራቸው።

«ጥርስስ? መፋቂያ ይሆናል?»

ይሆናል፤ ድድ ሳያቆስሉ፣ ሳይዋዋሱ። ፍሎራይድ ያለው የጥርስ ሳሙና የሚችል ደግሞ በቀን 2 ጊዜ፣ በተለይ ማታ ከመተኛት በፊት። ከረሜላውንም ቀነስ።

«ልጄ ቤት ስትገባ አያቷን ሳይቀር ታርማለች፤ ‹አልታጠብሽም› እያለች። ምን ላድርግ?» (እናት)

የኔ እህት፣ ደስ የሚል ችግር ነው! ግን ልጅ ታላቁን ሲያርም ቤት ይከፋል፣ ነገሩም ይጠላል። መፍትሔው እኛው ቤት አለ። ምግብ ሲቀርብ እጅ የሚያስታጥበው ማን ነበር? ልጅ አይደል? ጆጉንና ሳህኑን ትያዝ። «እማማ፣ ላስታጥብዎት» ትበል። ሳሙናውን ቀድማ ታቅርብ፣ ሁሉም ከታጠበ በኋላ እሷም ትታጠብ። አያት ይመርቃሉ፤ ልጅቷም ለምርቃቱ ስትል ነገ ትደግመዋለች። እኔ ለ1ኛ ክፍል የቤት ሥራ የምሰጠው ይህንኑ ነው። በማግስቱ ክፍል ውስጥ «ማንን አስታጠብክ? ምን አለህ?» ብዬ እጠይቃለሁ፤ ያኔ ዝምተኛው ሁሉ እጁን ያወጣል።

«መሥራቱን በምን አውቃለሁ?»

ልጆቹ በጠጠር እንደገና ይቁጠሩ፣ ሳይነገር፣ ከጥቂት ሳምንት በኋላ። ጥቅምት 5 ቀን ለዓለም የእጅ መታጠብ ቀን ሰልፍ ላይ መዝሙር መዘመሩ ጥሩ ነው፤ ማስረጃው ግን ኅዳር ላይ የሚቆጠረው ነው።

«ሳሙና ባስቀመጥን ቁጥር ይጠፋል።»

ሳሙናውን አሮጌ ካልሲ ውስጥ አስገብታችሁ ከእንጨቱ ጋር እሰሩት፤ ልጆች ከነካልሲው ያሹታል። ካልሆነ ጥቂት ኦሞ በውሃ በጥብጡና ባዶ ሃይላንድ ውስጥ ጨምሩ፣ ክዳኑን ብሱ። ለእጅ መታጠቢያ ያገለግላል፣ የሚወስደውም የለም። ማለቅ አለማለቁን የሚያዩ ሁለት ተረኞች መድቡና ስማቸውን በር ላይ ለጥፉ።