ግራዲየስ በኤምኤስኤክስ፦ ከባሕር ዳር ተጫዋቾች ለቀረቡ ጥያቄዎች መልስ

የጃፓኑ ኩባንያ ኮናሚ የጠፈር መርከብ እየነዱ የሚተኩሱበትን ጌም ግራዲየስን በፈረንጆቹ 1985 በሳንቲም ለሚሠራ ማሽን ካወጣው በኋላ፣ በዓመቱ ኤምኤስኤክስ ለተባለው የቤት ኮምፒውተር አዘጋጀው። አውሮፓ ውስጥ ኔመሲስ ይሉታል። ከፖሊና ከፔዳ ግቢ፣ ከሽምብጥና ከቀበሌ 14 የመጡት ጥያቄዎች እንደ አመጣጣቸው ተመልሰዋል።

ጥያቄ፦ ኮምፒውተሩ የለንም። ላፕቶፕ ላይ በምን እንጀምር? (ከፖሊ)

ኦፕንኤምኤስኤክስ የሚባለው ኢሙሌተር (የድሮውን ማሽን በላፕቶፕ ላይ የሚያስመስል ፕሮግራም) ነፃ ነው። የማሽኑን መነሻ ፕሮግራም የሚተካው ሲ-ባዮስ አብሮት ስለሚመጣ የማሽኑን ኦሪጅናል ሮም (ከቺፑ የተቀዳውን መነሻ ፕሮግራም) መፈለግ አያስፈልግም። ከሲ-ባዮስ ማሽኖች ውስጥ የአውሮፓውን ምረጡ። የአውሮፓው ስክሪኑን በሰከንድ 50 ጊዜ ያድሳል፣ የጃፓኑ 60 ጊዜ፤ ጌሙ የሚሄደው በዚያ ምት ስለሆነ በአውሮፓው ላይ አንድ ስድስተኛ ያህል ይቀዘቅዛል። ሁለተኛውን ስቴጅ ያለ ችግር ስታልፉ ወደ 60 ተሻገሩ።

አልት እና ኤፍ 8 ያለህበትን ቦታ ያስቀምጣል፤ አልት እና ኤፍ 7 ይመልስሃል። ፔጅ አፕ ደግሞ አንድ ሰከንድ ወደኋላ ይወስዳል። ፔጅ አፕን የሞታችሁበትን ምክንያት ለማየት ተጠቀሙበት እንጂ ሞትን ለመሰረዝ አትልመዱት፤ እጅ የሚማረው ሙሉውን መንገድ ሲሄድ ነው።

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ ተራራውን ሳልነካው መርከቧ ትፈነዳለች። ኢሙሌተሩ ተበላሽቶ ነው?

አይደለም ልጄ፣ የማሽኑ ጠባይ ነው። የመጀመሪያው ትውልድ ኤምኤስኤክስ የቪዲዮ ቺፕ ስክሪኑን በራሱ ማንሸራተት አይችልም። ምስሉ 256 በ192 ፒክስል ሆኖ 8 በ8 በሆኑ ካሬዎች የተነጠፈ ነው፤ ተራራው ሲንቀሳቀስ አንድ ሙሉ ካሬ፣ ማለትም 8 ፒክስል፣ ይዘላል። መርከብህ ግን ስፕራይት፣ ማለትም ከጀርባው ምስል ተለይታ የምትንቀሳቀስ ትንሽ ምስል፣ ስለሆነች ፒክስል በፒክስል ትንሸራተታለች። አንተ «ገና ነው» ስትል ተራራው ዘሎ ይደርስብሃል። ከፊትህ ካለው ድንጋይ ሁልጊዜ ቢያንስ የሁለት ካሬ ክፍተት ተው።

ጥይት ብልጭ ድርግም ሲልብህም ምክንያቱ ይኸው ቺፕ ነው፤ በአንድ አግድም መስመር ላይ ከ4 ስፕራይት በላይ አያሳይም። አምስተኛው ባይታይም ይገድላል። ስለዚህ ጠላት በተደረደረበት መስመር ላይ አትቁም፤ ትንሽ ከፍ ወይም ዝቅ በል።

ጥያቄ፦ እንክብሎቹን በምን ቅደም ተከተል ላውጣቸው?

ጌሙን የሚያሸንፈው ይህ ስሌት ነው፤ የእጅ ፍጥነት ከዚህ በኋላ ይመጣል። ከስክሪኑ ታች ያለው የመሣሪያ መስመር ስፒድ አፕ (ፍጥነት)፣ ሚሳይል፣ ደብል (ወደ ፊትና ወደ ላይ የሚተኩስ)፣ ሌዘር፣ ኦፕሽን (ከመርከቧ ጋር የሚተኩስ ትንሽ ረዳት)፣ ጋሻ ነው። ከተመቱ ጠላቶች የሚገኝ እያንዳንዱ ቀይ እንክብል በመስመሩ ላይ ያለውን መብራት አንድ ቤት ያራምዳል፤ መብራቱ የቆመበትን መሣሪያ ስትወስድ ከመጀመሪያው ይጀምራል።

ሁለት ስፒድ አፕ በ2 እንክብል፣ ሚሳይል በ2፣ ኦፕሽን በ5፣ ሁለተኛው ኦፕሽን በ5፣ ሌዘር በ4። በድምሩ 18። ጋሻ ሲጨመር 24 ይሆናል። ሦስተኛ ስፒድ አፕ ከወሰድክ ጠባብ ቦታ ላይ መርከቧ ታመልጥሃለች፤ ብዙ ጀማሪ የሚሞተው በዚህ ነው። ደብልን እለፈው፤ ሌዘር ስትወስድ ይጠፋል፣ ሁለቱ አብረው አይኖሩም። ሰማያዊው እንክብል መብራቱን አያራምድም፤ ስትነካው ወዲያው በስክሪኑ ያሉትን ጠላቶች ይጠርጋል። ጋሻው ጥይት እየመከተ ያልቃል እንጂ ከተራራ አያድንህም።

ጥያቄ፦ ኦፕሽኖቹ ለምን ባዶ ቦታ ይተኩሳሉ? (ከፔዳ)

ኦፕሽን በገመድ እንደሚጎተት ታንኳ ነው፤ አንቺ ያለፍሽበትን መንገድ ተከትሎ ይመጣል፣ ስትቆሚ ይቆማል። ወደ ፊት ሄደሽ ከቆምሽ ሁለቱም ከኋላሽ በአንድ መስመር ይሰለፋሉ፤ ተኩሱ ሁሉ አንድ ቦታ ይወድቃል። ወደ ላይ ወጥተሽ ብትቆሚ ግን ከታችሽ ተዘርግተው ይቀራሉ፣ ሦስት መስመር ትሸፍኛለሽ። እነሱን ጥይትም ተራራም አያጠፋቸውም። ስለዚህ አደገኛ ቦታ ላይ ካስቀመጥሻቸው በኋላ እጅሽን አንሺና ተኩሺ። ይህን ጠላት በሌለበት ቦታ አሥር ደቂቃ ብትለማመጂ አይባክንብሽም።

ጥያቄ፦ እሳተ ገሞራውና ትልቁ መርከብ?

ድንጋዮቹን በጥይት መስበር ይቻላል። ከአፎቹ ትይዩ ራቅ በሉ፣ በትንሹ እየተንቀሳቀሱ ተኩሱ። ከዚያ የሚመጣውን መርከብ በመሀሉ ትይዩ ሆናችሁ ምቱ፤ ከልቡ ፊት ያሉት ግርዶሾች አንድ በአንድ ይሰበራሉ። ሲተኩስ ወጣ በሉ፣ ወዲያው ወደ መሀል ተመለሱ።

ጥያቄ፦ የድንጋይ ሐውልቶቹ አይሞቱም!

አፋቸው ሲከፈት ብቻ፣ አፋቸው ውስጥ።

ጥያቄ፦ አንድ ጊዜ ከሞትኩ ሁሉ ነገር ያበቃል። ምን ይሻላል?

መሣሪያው ሁሉ ስለሚወሰድ ነው። ከሞትክ በኋላ የምትጀምርበትን ቦታ በአልት እና ኤፍ 8 አስቀምጥና ከባዶ መነሳቱን ለብቻው ተለማመድ። የመጀመሪያው እንክብል ያለ ጥርጥር ለስፒድ አፕ ነው፤ በዝግተኛ መርከብ ሌዘር ለማጠራቀም መጠበቅ ሁለተኛ ሞት ያመጣል።

ጥያቄ፦ ከጃፓን የመጣ እውነተኛ ማሽን አግኝቻለሁ። በቀጥታ ልሰካው?

ፈጽሞ እንዳትሰካው! የጃፓን ኤሌክትሪክ 100 ቮልት ነው፣ የእኛ 220፤ ወደ 100 የሚቀንስ ትራንስፎርመር ያስፈልግሃል። ካርትሪጅ (ጌሙ ያለበትን የፕላስቲክ ሳጥን) ስታስገባና ስታወጣ ማሽኑ ይጥፋ። በክረምት የጣና ዳር እርጥበት የካርትሪጁን የመዳብ ጥርሶች ያጠቁራል፤ ጌሙ ሳይነሳ ሲቀር መጀመሪያ እዚያ ተመልከት። በአይሶፕሮፒል አልኮል በረጠበ ጥጥ ጥረገው፣ ደርቆ ሳያልቅ አትክተተው። ሁለት የካርትሪጅ ማስገቢያ ካለው ደግሞ በሁለተኛው ላይ ትዊንቢ የተባለውን የኮናሚ ጌም ሰክተህ ግራዲየስን አስነሳ፤ መርከብህ ወደ ትዊንቢ ትቀየራለች።