16 ኤክስ የሚል ዲቪዲ ራይተር ለምን 22 ደቂቃ ይፈጃል?

ራይተርዎ ላይ 16 ኤክስ ተብሎ ተጽፎ ሳለ አንድ ሙሉ ዲቪዲ ለመጻፍ ከ20 ደቂቃ በላይ እንደሚፈጅብዎ ገልጸው፣ ትክክለኛ ፍጥነቱ በምን እንደሚለካና አዲስ መግዛት ይሻል እንደሆነ ጠይቀዋል። እስካሁን ካልገዙ እባክዎ አይግዙ። እኔ ይህንኑ ጥያቄ የሚመልስልኝ ባጣሁ ጊዜ ሁለት ራይተር ገዝቻለሁ፤ አንዳቸውም አላስፈለጉኝም ነበር። የኮምፒውተርዎን ዓይነት ባይጽፉም የደቂቃው ቁጥር ከእኔ ጋር ስለገጠመ፣ ዊንዶውስ ኤክስፒ የተጫነበት የቆየ ዴስክቶፕ ነው፣ ራይተሩም በጠፍጣፋው የአይ.ዲ.ኢ. ኬብል ተያይዟል ብዬ እመልሳለሁ።

አንደኛ፣ 16 ኤክስ የሚለው ቁጥር ጣሪያው እንጂ የዘወትር ፍጥነቱ አይደለም። በዲቪዲ 1 ኤክስ ማለት በሰከንድ 1.385 ሜጋባይት ነው፤ በሲዲ ግን 150 ኪሎባይት ብቻ ስለሆነ ሁለቱን ቁጥሮች አያወዳድሩ። በዚህ ስሌት 16 ኤክስ በሰከንድ 22 ሜጋባይት ገደማ ይሆናል፤ ራይተሩ ይህን ያህል የሚጽፈው ግን የዲስኩ ጠርዝ ላይ ሲደርስ ነው። ጽሑፉ የሚጀምረው ከመሃል ሲሆን፣ የመሃሉ ክብ አጭር በመሆኑ ፍጥነቱ ከ6 ኤክስ ተኩል አካባቢ ተነሥቶ ወደ ውጭ በሄደ መጠን ያድጋል። አማካዩ 12 ኤክስ ገደማ ስለሆነ 4.7 ጊጋባይት የሚይዝ ዲስክ መክፈቻና መዝጊያው ተጨምሮ ከ5 እስከ 6 ደቂቃ ይፈጅበታል። በ3 ደቂቃ ተኩል ያልቃል ብሎ የሚከራከርዎ ሻጭ ካጋጠመዎ በ1 ኤክስ የሚፈጀውን 57 ደቂቃ ለ16 አካፍሎ የነገረዎ መሆኑን ይወቁ።

ሁለተኛ፣ ለመለካት ዲስክ ማባከን አያስፈልግም። እኔ የምጠቀመው በነጻ የሚገኘውን ኢምግበርን የተባለ የዲስክ መጻፊያ ፕሮግራም ነው። ባዶ ዲቪዲ ማይነስ አር (DVD-R) አስገብተው የሙከራ ምርጫውን ካበሩ፣ ሥራው ሁሉ እንደ እውነተኛው ይከናወናል፤ የራይተሩ ሌዘር ጨረር ግን ዲስኩ ላይ ምንም አይጽፍም። ዲቪዲ ፕላስ አር (DVD+R) ይህን ሙከራ ስለማይቀበል ለመለካት ማይነሱን ይግዙ። በሙከራው ጊዜ ዓይንዎ የፍጥነቱ ቁጥር ላይ ብቻ አይቅር፤ ከታች ያሉትን ሁለት የማቆያ መስመሮችም ይከታተሉ። የመጀመሪያው ኮምፒውተሩ ያዘጋጀውን፣ ሁለተኛው ራይተሩ የተቀበለውን መረጃ ያሳያል። የመጀመሪያው ከጎደለ ዘገምተኛው ሃርድ ዲስኩ ነው። ሁለቱም ሞልተው ፍጥነቱ ዝቅ ካለ ጥፋቱ የራይተሩ ወይም የዲስኩ ነው። የመጀመሪያው ሞልቶ ሁለተኛው ባዶ ከሆነ ግን መረጃው ተዘጋጅቶ መንገድ ላይ ቀርቷል ማለት ነው። የእኔ ችግር ይህ ሦስተኛው ነበር፤ እኔ ግን ስለ መስመሮቹ ያወቅሁት ገንዘቤን ከጨረስኩ በኋላ ነው።

ሦስተኛውን ምክር ለብቻው ከምጽፈው የደረሰብኝን ብነግርዎ ይሻላል። በ2003 ዓ.ም. አነስተኛ የቪዲዮ ስቱዲዮ ነበረኝ። ለሰርግ ቪዲዮ አንሺ ጥር የመከር ወር ነው፤ በዚያው ወር አንድ መሥሪያ ቤት ለቅርንጫፎቹ የሚላክ የሥልጠና ፊልም በ300 ዲቪዲ እንዳቀርብ አዘዘኝ። አንዱን በ6 ደቂቃ አስቤ 30 ሰዓት ይበቃኛል ብዬ ፈረምኩ። የመጀመሪያው ዲስክ 22 ደቂቃ ፈጀ። በዚህ አካሄድ 110 ሰዓት መሆኑ ነው፤ ያውም መብራት ካልጠፋ። ራይተሮች መረጃ ሲዘገይባቸው ቆም ብለው የሚቀጥሉበት መከላከያ አላቸው፤ መብራት ሲጠፋ ግን ይህ አይሠራም። በ18ኛው ደቂቃ መብራት የጠፋበት ዲስክ የሻይ ብርጭቆ ማስቀመጫ ነው የሚሆነው፤ እኔ ደግሞ ያኔ መብራት ሲጠፋ ኮምፒውተሩን የሚያቆይ ባትሪ (ዩፒኤስ) አልነበረኝም።

ወደ ገዛሁበት ሱቅ ሄድኩ። ሻጩ ኮምፒውተሩን ሳያይ «ራይተሩ አርጅቷል፤ ይቀይሩት» አለኝ። ቀየርኩ፤ 22 ደቂቃ። ተመልሼ ስሄድ ያ ዓይነት ጥሩ እንዳልሆነ ነግሮኝ ሌላ ሸጠልኝ፤ እርሱም 22 ደቂቃ። ሦስተኛው ላይ ነው ነገሩ የገባኝ። በተለያዩ አምራቾች የተሠሩ ሦስት ዕቃዎች በአንድ ጊዜ አንድ ዓይነት ሕመም ሊታመሙ አይችሉም። የታመመው ሦስቱም የተሰኩበት ቦታ መሆን አለበት። ይህን ማንም አልነገረኝም፤ ራሴ ነኝ የደረስኩበት።

የኮምፒውተሩን ዕቃዎች የሚዘረዝረውን የዊንዶውስ መስኮት፣ ዲቫይስ ማኔጀርን፣ ከፍቼ ራይተሩ የተሰካበትን ሰከንደሪ አይ.ዲ.ኢ. ቻናል የሚለውን፣ በውስጡም አድቫንስድ ሴቲንግስን ተመለከትኩ። ከላይ የተመረጠው ፕሮሰሰሩን ሳያደክም መረጃ በቀጥታ የሚያመላልሰው ፈጣኑ አሠራር፣ ዲ.ኤም.ኤ.፣ ነው፤ የሚያታልለውም ይህ ነው። ከሥሩ ከረንት ትራንስፈር ሞድ በሚለው መስመር ላይ ግን ፒ.አይ.ኦ. ተብሎ ተጽፏል። በዚህ አሠራር መረጃውን ፕሮሰሰሩ ራሱ ጥቂት በጥቂት እየተሸከመ ያመላልሳል፤ ስጽፍ ማውሱ የሚንቀራፈፈው ለካ ለዚህ ነበር። ዊንዶውስ ኤክስፒ በአንድ ቻናል ላይ 6 ስሕተት ሲጠራቀምበት ፍጥነቱን ደረጃ በደረጃ ዝቅ ያደርጋል፤ በራሱ ግን መልሶ አያነሣም። ስሕተቱ የመጣው ደንበኞቼ ግልባጭ እንድሠራላቸው ከሚያመጧቸው የተጫጫሩ የሰርግ ዲስኮች ይመስለኛል፤ አንዱን ለማንበብ ራይተሩ ግማሽ ሰዓት ሲታገል እኔ ቡና እጠጣ ነበር።

መፍትሔው አንድ ሳንቲም አላስወጣኝም። ቻናሉን ከዲቫይስ ማኔጀር ላይ አንኢንስቶል አድርጌ ኮምፒውተሩን እንደገና አስነሣሁት፤ ዊንዶውስ ዕቃውን እንደ አዲስ አግኝቶ አልትራ ዲ.ኤም.ኤ. 2 ላይ አስቀመጠው። አሮጌውን፣ ያንን «ያረጀውን» ራይተር መልሼ ሰካሁት፤ ያንኑ ፊልም በ5 ደቂቃ ከ50 ሰከንድ ጨረሰ።

ትዕዛዙ ግን አራት ቀን ዘግይቶ ነበር። የንብረት ክፍሏ ሠራተኛ 300ውን ዲስክ አንድ በአንድ ቆጥራ፣ ሁለቱ ሽፋናቸው ተሰንጥቋል ብላ የዕቃ መረከቢያ ደረሰኙን፣ ሞዴል 19ን፣ ሳትቆርጥልኝ ለሰኞ ቀጠረችኝ። ሰኞ ስሄድ ቅጣቱ የሰባት ቀን ሆኗል። ጉዳዩን ባስረዳ «የእርስዎ ኮምፒውተር መንቀራፈፍ እኛን አይመለከትም» አለችኝ። አነጋገሯ እስከ ዛሬ ያናድደኛል፤ ስለ አራቱ ቀን እውነቷን ነበር፤ የቀሩትን ሦስት ቀናት ግን ያዘገየችው እርሷ ናት።

ዲስኩን በተመለከተ አጭር ነገር ልጨምር። ካርቶኑ ላይ የተጻፈውን አይመኑ። ራይተሩ የሚያምነው ዲስኩ ውስጥ የተቀረጸውን የአምራች መለያ ነው፤ መለያውን ካላወቀው ፍጥነቱን ራሱ ይገድባል። ኢምግበርን ዲስኩ እንደገባ የተፈቀዱትን ፍጥነቶች ስለሚያሳይ አስቀድመው ያንብቡት። ለደንበኛ የምሰጠውን አሁን በ8 ኤክስ ነው የምጽፈው፤ ከ8 ደቂቃ ትንሽ ቢያልፍም ተመልሶ የመጣብኝ ዲስክ የለም። ራይተርዎ በዩ.ኤስ.ቢ. የሚሰካ ከሆነ ደግሞ የጥንቱ 1.1 ሶኬት ለ1 ኤክስ እንኳ ስለማይበቃ ሌላ ሶኬት ይሞክሩ።

አሁኑኑ ከረንት ትራንስፈር ሞድ የሚለውን አይተው ምን እንደሚል ይጻፉልን። አልትራ ዲ.ኤም.ኤ. የሚል ከሆነ ግምቴ ስቷል፤ ያን ጊዜ የሁለቱን መስመሮች ሁኔታና የዲስኩን መለያ ይላኩልኝ፤ ከዚያ እንቀጥላለን።