ቆጣሪን የሚያቀልሉ የቤት ዕቃዎች፦ ከጎጃም ለቀረቡ ጥያቄዎች የተሰጡ መልሶች

ከደብረ ማርቆስ፣ ከፍኖተ ሰላም፣ ከባሕር ዳር፣ ከሞጣና ከቢቸና ጥያቄ ለላካችሁልኝ ሁሉ ምስጋናዬ ይድረሳችሁ። የኤሌክትሪክ ታሪፍ ከመስከረም 2017 ዓ.ም. ጀምሮ በየደረጃው እየጨመረ በመሄዱ፣ ኤሌክትሪክ የማስተምር ሰው በመሆኔ ዘወትር የሚቀርቡልኝ ጥያቄዎች እየተቀራረቡ መጥተዋል። ስለዚህ ተመሳሳዮቹን አንድ ላይ አድርጌ እመልሳለሁ።

ጥያቄ፦ መምህር፣ አሜሪካ የምትኖረው እህቴ ቆጣቢ ፍሪጅ ገዝታ ከዋጋው የተወሰነው እንደተመለሰላት ነገረችኝ። እውነት እንዲህ ያለ አሠራር አለ? እኛስ ማግኘት እንችላለን? (ደብረ ማርቆስ)

መልስ፦ እህትዎ የነገሩዎት እውነት ነው። በዚያ አገር ብዙ የኤሌክትሪክ አቅራቢ ድርጅቶች፣ አዲስ ማመንጫ ከመገንባት ይልቅ የደንበኛን ፍጆታ መቀነስ ስለሚረክስላቸው፣ እ.ኤ.አ. በ1992 የተጀመረውን «ኢነርጂ ስታር» የተባለ ምልክት የያዘ ዕቃ ለሚገዛ ደንበኛ ከዋጋው ከፊሉን ይመልሳሉ። እ.ኤ.አ. በ2022 የወጣ ሕግ ደግሞ ዝቅተኛና መካከለኛ ገቢ ላላቸው ቤተሰቦች፣ ለኤሌክትሪክ ምድጃ እስከ 840 ዶላር፣ ሂት ፓምፕ ለሚባለው ቆጣቢ የውኃ ማሞቂያ እስከ 1,750 ዶላር የሚደርስ ቅናሽ በየክፍለ ግዛቱ በኩል እንዲሰጥ ፈቅዷል። አፈጻጸሙ ከክፍለ ግዛት ክፍለ ግዛት ስለሚለያይ፣ ገዢው ከመክፈሉ በፊት የዕቃው ሞዴል ቁጥር ተመላሽ ከሚሰጥባቸው ዝርዝር ውስጥ መኖሩን ማረጋገጥ፣ ደረሰኙን መያዝና የማመልከቻውን ቀን ሳያሳልፍ ማመልከት ይኖርበታል። ከእነዚህ ተነጥሎ ይሰጥ የነበረው የፌዴራል የግብር ቅናሽ ግን ከእ.ኤ.አ. 2025 መጨረሻ በኋላ ለሚገጠሙ ዕቃዎች ቀርቷል።

በእኛ አገር ለቤት ዕቃ ደረሰኝ አቅርቦ ገንዘብ የሚመለስበት አሠራር አልተዘረጋም። ከዚህ ጋር የሚቀራረበው፣ መብራት ኃይል በ2002 ዓ.ም. አካባቢ ነባሩን አምፖል እየተቀበለ ቆጣቢ አምፖል በነፃ የሰጠበት ዘመቻ ነበር። ያ ዘመቻ ለምጣድም ቢደገም ምንኛ በጠቀመን! ለአሁኑ ግን የእኛ ተመላሽ በየወሩ ከካርዱ ላይ የሚተርፈው ገንዘብ ነው።

ጥያቄ፦ እንግዲያው እህቴ እዚያው ገዝታ ብትልክልኝስ?

መልስ፦ አልመክርዎትም። ተመላሹ የተፈቀደው እዚያው ቤት ውስጥ ለሚያገለግል ዕቃ ነው። ከዚህም በላይ የእነርሱ መሥመር 120 ቮልትና 60 ኸርዝ (ኤሌክትሪኩ በሰከንድ የሚመላለስበት ብዛት) ሲሆን፣ የእኛ 220 ቮልትና 50 ኸርዝ ነው። ትራንስፎርመር ቮልቱን ቢያስተካክልም ኸርዙን አይቀይርም፤ ለ60 ኸርዝ ብቻ የተሠራ ሞተርም በእኛ መሥመር ዝግ ብሎ ይሠራል፣ ይግላል። ትራንስፎርመሩ ራሱም ኃይል ያባክናል። እህትዎ ሊረዱዎት ከፈለጉ ገንዘቡን ይላኩልዎትና ለ220 ቮልት የተሠራውን እዚሁ ይግዙ።

ጥያቄ፦ በሳምንት ሁለት ቀን እጋግራለሁ። ካርዱን የሚጨርሰው ምጣዱ ነውን? (ፍኖተ ሰላም)

መልስ፦ አዎን፣ በአብዛኛው ቤት ምጣዱ ነው። 3.5 ኪሎ ዋት የሚወስድ ምጣድ አንድ ሰዓት ተኩል ቢሠራ 5.25 ኪሎ ዋት ሰዓት (ቆጣሪው ፍጆታን የሚቆጥርበት መለኪያ) ይፈጃል፤ በሳምንት ሁለት ቀን ሲጋገርበት በወር ወደ 45 ኪሎ ዋት ሰዓት ይደርሳል። የመኖሪያ ቤት ታሪፍ ዝቅተኛው እርከን እስከ 50 ኪሎ ዋት ሰዓት ድረስ በመሆኑ፣ ምጣዱ ብቻውን ያንን እርከን ሊሞላው ይቃረባል፤ እርከኑ ሲታለፍ ደግሞ ዋጋው ይጨምራል።

እናቶች እምብዛም የማይነገራቸው ነገር የቮልት ጉዳይ ነው። የምጣድ ኃይል ከቮልቱ ካሬ ጋር ስለሚወርድ፣ ማታ ሰው ሁሉ ሲያበስል መሥመሩ ወደ 180 ቮልት ቢወርድ፣ ከምጣዱ ጉልበት የሚቀረው ሁለት ሦስተኛው ገደማ ብቻ ነው። ያን ጊዜ ሸክላው ቀስ ብሎ ይግላል፣ እንጀራው ዓይን ሳያወጣ ይቀራል፣ መጋገሩም ስለሚራዘም ሙቀቱ በከንቱ እያመለጠ ቆጣሪው ይቆጥራል። ስለዚህ ማልደው ወይም ቀን ላይ፣ መብራቱ ጥሩ በሆነበት ሰዓት ይጋግሩ። ምጣዱ ለመጋል ብቻ 15 ደቂቃ ያህል ስለሚወስድ፣ ሊጡን አስቀድመው አዘጋጅተው ሳያቋርጡ ይጨርሱ፤ ጎረቤት የሚጋግር ካለም ምጣዱ ሳይቀዘቅዝ ተከታትላችሁ መጋገር ትችላላችሁ። አክንባሎው በደንብ የሚገጥም፣ ከሸክላው በታች ያለውም ሙቀት የሚይዝ ሙሌት ያልረገፈ ይሁን። ሽቦው ተቃጥሎ ሲቀየር ባለሙያው ቆርጦ አሳጥሮ እንዳይገጥመው አደራ እላለሁ፤ አጭር ሽቦ ብዙ ኃይል ይስባል፣ ሶኬቱንም ያቃጥላል።

ጥያቄ፦ ፍሪጅ ልገዛ ነው። ኤ ፕላስ የሚል የተለጠፈበትና ዲ የሚል የተለጠፈበት አየሁ። ኤው አይሻልም? (ባሕር ዳር)

መልስ፦ ፊደሉን አይመኑ። የአውሮፓ መለያ እ.ኤ.አ. በመጋቢት 2021 ከኤ እስከ ጂ ተደርጎ እንደገና ሲወጣ መመዘኛው እጅግ ስለጠበቀ፣ በአዲሱ ዲ የተባለው በአሮጌው ኤ ፕላስ ከተባለው ሊበልጥ ይችላል። የመደመር ምልክት ካለበት መለያው አሮጌው ነው። በሁለቱም ላይ በዓመት ስንት ኪሎ ዋት ሰዓት እንደሚፈጅ ተጽፏልና መጠናቸው ተመሳሳይ የሆኑትን በዚያ ቁጥር ያወዳድሩ። 360 የሚል በወር 30፣ 180 የሚል ደግሞ 15 ይፈጃል። እንደ ባሕር ዳር ባለ ሞቃት ከተማ ከግድግዳው ራቅ አድርገው ያስቀምጡት፤ የበሩ ጎማ ላልቶ እንደሆነም ወረቀት አስገብተው ዘግተው ይሳቡ፣ ያለ ችግር ከወጣ ጎማው ይቀየር።

ጥያቄ፦ አምፖል መቀየር ያን ያህል ይጠቅማል? (ሞጣ)

መልስ፦ ይጠቅማል። አራት ባለ 60 ዋት አምፖሎች በባለ 9 ዋት ኤልኢዲ ተቀይረው በቀን አምስት ሰዓት ቢበሩ፣ በወር ከ30 ኪሎ ዋት ሰዓት በላይ ይተርፋል።

ጥያቄ፦ ባቄላና ሽንብራ ለመቀቀል ኢንዳክሽን ምድጃ ልግዛ ወይስ ባለኝ ስቶቭ ልቀጥል? (ቢቸና)

መልስ፦ አስቀድመው ፕሬዠር ኩከር (እንፋሎት እንዳይወጣ ክዳኑ ጠብቆ የሚዘጋ ድስት) ይግዙ። በደጋችን ውኃ ከ100 ዲግሪ በታች፣ በ2,400 ሜትር ከፍታ 92 ዲግሪ ገደማ ላይ ስለሚፈላ ጥራጥሬ ለመብሰል ይዘገያል፤ ይህ ድስት በእንፋሎት ግፊት ሙቀቱን ከፍ ሲያደርገው ግን ሰዓቱ በብዙ ያጥራል። ኢንዳክሽን ሙቀቱን በቀጥታ ድስቱ ውስጥ ስለሚያመነጭ ከስቶቭ ይቆጥባል፤ ነገር ግን ተራ የአሉሚኒየም ድስትና የሸክላ ድስት አይሠሩበትም። ማግኔት ይዘው የድስቶችዎን ቂጥ ይሞክሩ፤ የሚይዘው ድስት ከሌለዎት የአዲስ ድስት ዋጋም በምድጃው ላይ ይደምሩ።