ቄሶቹ ካሜራ ይዘው ተአምር የሚያጣሩት የምር ነው?

ጥያቄ፦ ሰላም ናችሁ፣ «ዘ ቦርደርላንድስ» የሚባለውን የእንግሊዝ ሆረር ማታ ብቻዬን አይቼው እንቅልፍ አጣሁ፣ ቫቲካን እውነት እንደዛ ሰው ልካ ተአምር ታስጣራለች?

መልስ፦ እህታችን፣ ማጣራቱስ አለ፣ ግን ጭንቅላት ላይ ካሜራ አስሮ በሌሊት ቤተክርስቲያን መዞሩ የፊልም ነው። በካቶሊክ አሰራር የሆነ ቦታ ተአምር ታየ ሲባል መጀመሪያ የሚመረምረው የአካባቢው ጳጳስ ነው፣ ምስክር ይሰማል ባለሙያ ያማክራል ከዛ ውሳኔውን ለቫቲካን ያቀርባል፣ በፈረንጆቹ 2024 በወጣው አዲስ ደንብ ደግሞ መልሱ ከ6 ዓይነት አንዱ ነው፣ የተሻለው እንኳን «ምእመኑ ቢሄድ የሚከለክል ነገር የለም» ነው እንጂ «ይሄ ከሰማይ ነው» ብሎ ማረጋገጫ አይደለም። አንድን ሰው ቅዱስ ብሎ ለማወጅ በማስረጃነት የሚቀርብ ፈውስ ከሆነ ሐኪሞች በህክምና የማይገለጽ መሆኑን ያያሉ፣ ከዛ የሃይማኖት ሊቃውንት፣ መጨረሻ ላይ ፖፑ።

ፊልሙን (በፈረንጆቹ 2013 የወጣ ነው) እኛም በጣም ነው የምንወደው፣ በተለይ ፊልሙ ውስጥ የልጅ ክርስትና ሲነሳ በተቀረጸው ቪዲዮ ላይ መሠዊያው ላይ ያለው እቃ ሲንቀሳቀስ ተአምር ነው ለማለት የሚቸኩለው የካሜራ ባለሙያው ሆኖ ማታለል ነው ብሎ ሽቦ የሚፈልገው የቤተክርስቲያኑ ሰው መሆኑ፣ እሱ ነገር ልክ ነው፣ የምር መርማሪም መጀመር ያለበት ከጥርጣሬ ነው። መጨረሻውን ላላዩት አንናገርም።