ኮንታክት ሌንስ በየቀኑ፦ ጠይቁ፣ እመልሳለሁ

ፒያሳ ነው የምሠራው፤ ቀኑን ሙሉ ዓይን ስመረምር ነው የምውለው። ዛሬ ኮንታክት ሌንስ የዓይንን ገጽ ምን እንደሚያደርገው ጠይቁኝ። ሁለት ነገር ግን ከወዲሁ፦ አድርጋችሁት አትተኙ። ውሃ አታስነኩት።

የካዛንቺስ ልጅ፦ ዶክተር፣ ጠዋት ደህና ነኝ። ቢሮ ውዬ አስር ሰዓት ሲል ግን አሸዋ የገባበት ይመስል ይቆረቁረኛል። ሌንሱ ነው ኮምፒውተሩ?

መልስ፦ ሁለቱም ተባብረውብህ ነው። ይሄን ጥያቄ ስለምወደው ታገሱኝ። ሌንሱ የሚንሳፈፈው እንባህ ላይ ነው። የምታለቅሰውን እንባ ማለቴ አይደለም፤ ዓይንን ሁልጊዜ ሸፍኖት የሚኖረውን ስስ እርጥበት ነው። ከላይ ቅባት አለው፣ ውሃው እንዳይተን። መሃሉ ውሃ ነው። ከሥር ደግሞ ውሃውን ዓይን ላይ የሚይዝ ንፍጥ መሰል ነገር አለ። ሌንስ ሲገባ ይሄን ሽፋን ለሁለት ይከፍለዋል። ከሌንሱ በላይ የሚቀረው በጣም ስስ ስለሆነ ቶሎ ይደርቃል። የሚታደሰው ዓይንህን ስታርገበግብ ነው። ሰው በደቂቃ ወደ 15 ጊዜ ያርገበግባል፤ ስክሪን ላይ ሲያፈጥ ግን በጣም ይቀንሳል። ያም ሆኖ የዓይን ቆቡ እስከ ታች ሳይደርስ ይመለሳል። አዲስ አበባ ደግሞ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ናት፣ የበጋው አየር ደረቅ ነው፣ አቧራውን ተወው። እንዳንተ ያለ ሰው ሲመጣ ፍሎረሰይን የሚባለውን ቀለም አስነክቼ በሰማያዊ መብራት አያለሁ። ኮርኒያው፣ ማለትም የዓይን ፊት ያለው ጥርት ያለ ሽፋን ላይ፣ ወደ ታች በኩል፣ አረንጓዴ ነጠብጣብ ያበራል። የተጎዳው ቦታ እሱ ነው። ሥራ ላይ ሆን ብለህ ጥብቅ አድርገህ ጨፍን፣ ክፈት። ከሌንስ ጋር የሚሄድ ማርጠቢያ ጠብታ ያዝ። ቤት ስትገባ አውጥተህ መነጽር አድርግ።

ሙሽሪት፦ ለሰርጌ ግራጫ ሌንስ ከቡቲክ ልገዛ ነው። ቁጥር የለውም፣ ለውበት ብቻ ነው።

መልስ፦ ሳትለኪ አትግዢ። ቁጥር ባይኖረውም ጉብጠቱ ካንቺ ዓይን ካልገጠመ ወይ ያጠብቃል ወይ ይንሸራተታል። ሚዜዎችሽ ተራ በተራ የሞከሩት ከሆነ ደግሞ በፍጹም አትንኪው።

ቸርቸል ጎዳና፦ እኔ ስንቴ አድርጌው አድሬ ምንም ሆኜ አላውቅም። ታካብዳለህ።

መልስ፦ ኮርኒያ የደም ሥር የለውም። ነቅተህ ሳለህ ኦክስጅን የሚያገኘው ከአየር ነው፣ በእንባው በኩል። ስትተኛ ከቆብህ ውስጠኛ ክፍል የሚደርሰው ትንሽ ብቻ ነው። በዚያ ላይ ሌንስ ከጨመርክበት ያብጣል። ለዓመታት ሲደጋገም የደም ሥሮች ከነጩ ክፍል ወደ ኮርኒያው እያደጉ ይገባሉ። ይሄ ስለማያም ነው ‘ምንም አልሆንኩም’ የምትለው። ሲሊኮን ሃይድሮጅል ከሚባለው ነገር የተሠራ ሌንስ ኦክስጅን በደንብ ያሳልፋል፣ ኢንፌክሽንን ግን አያስቀርም። ሌንስ አድርጎ መተኛት የኮርኒያ ኢንፌክሽንን አደጋ ከ6 እስከ 8 እጥፍ ያሳድገዋል። አትተኛበት።

ባለሙያዋ፦ እኔ ሌንስ ሳደርግ ሽንኩርት አያስለቅሰኝም!

መልስ፦ እውነት ነው። በርበሬ የነካ እጅሽ ሌንሱን ሲያወጣ ግን የሽንኩርቱንም ዕዳ ታለቅሺያለሽ።

ጃንሜዳ፦ ጥምቀት ላይ ጠበል ሲረጭ ሌንስ አድርጌ ነበር። ይጎዳል እንዴ?

አራት ኪሎ፦ ጠበል እንዴት ይጎዳል?

ቸርቸል ጎዳና፦ ውሃ ውሃ ነው ወንድሜ።

አራት ኪሎ፦ ላንተ ነዋ!

ጃንሜዳ፦ ኧረ ተዉ፣ እኔ የጠየቅኩት ስለ ሌንሱ ነው።

መልስ፦ እምነት ውስጥ አልገባም። ተጠመቁ፣ ሌንሱን ግን አስቀድማችሁ አውጡ። የቧንቧ፣ የታንከር፣ የገንዳ፣ የወንዝ፣ የትኛውም ውሃ ውስጥ አካንታሚባ የሚባል በዓይን የማይታይ ተሕዋስ ሊኖር ይችላል። ሌንሱ ሥር ከገባ ኮርኒያውን ያቆስለዋል፤ ሕክምናው ወራት ይፈጃል። ሻወርም ያው ነው።

ስም የለሽ፦ ዓይኔ ይቀላል። ምን ላድርግ?

መልስ፦ አንዱ ነው ሁለቱ? ያምሃል? ከመቼ ጀምሮ? እንዲህ ተብሎ አይጠየቅም። ለማንኛውም አሁኑኑ አውጣው። ካመመህ፣ ብርሃን ካስጠላህ ወይም እይታህ ከደበዘዘ ዛሬውኑ ታይ፤ ሌንሱንና ማስቀመጫውን ይዘህ ሂድ። ስቴሮይድ ያለበት ጠብታ ከፋርማሲ ገዝተህ እንዳትጨምር፣ ኢንፌክሽን ከሆነ ያባብስብሃል።

ቦሌ፦ ምርጡ ብራንድ የቱ ነው? ዋጋውስ?

መልስ፦ ደላላ አይደለሁም።

ሜክሲኮ፦ የሌንስ ማጽጃው ሶሉሽን ሲያልቅብኝ ሳላይን (የጨው ውሃ) እጠቀማለሁ፤ ይሆናል?

መልስ፦ ሳላይን ያለቀልቃል እንጂ ጀርም አይገድልም። የትናንቱ ላይ መጨመርም የለም፤ ድፉትና አዲስ አድርጉ። ማስቀመጫውን ቢበዛ በ3 ወር ቀይሩ። በውሃ አትጠቡት፣ ለስንተኛ ጊዜ ልበል!

ኩል ወዳጅ፦ መኳልስ?

መልስ፦ ከሽፋሽፍትሽ ውጭ በኩል። በውስጠኛው ጠርዝ ከተኳልሽ የቅባቱ ዕጢዎች አፍ ይደፈናል። ቅባቱ ሲጠፋ እንባው ይተናል፤ ለካዛንቺሱ ልጅ የመለስኩትን አንብቢ።

ሙሽሪት፦ ወርሃዊ ሌንስ አልፎ አልፎ ብቻ ባደርገው ሁለት ወር ይቆያል አይደል?

መልስ፦ አይቆይም። ከተከፈተ 30 ቀን ነው፣ ብታደርጊውም ባታደርጊውም።

ሙሽሪት፦ እሺ የሰርጉ ዕለት ብቻ አድርጌው ብተኛስ?

መልስ፦ ተመልሷል።