የአባትሽን የቢራ ሌብሎች ከመለጠፍሽ በፊት

እህቴ፣ ጥያቄሽን ሳነብ የራሴ ጣጣ ትዝ አለኝ። አባትሽ በብስኩት ቆርቆሮ ያስቀመጧቸው 140 ገደማ የቢራ ሌብሎች አሉሽ። ቤትሽ ኮንዶሚኒየም ነው፤ ሳሎኑ ጠባብ ነው። ላሚኔት ላስደርጋቸው ወይስ ጠረጴዛ ላይ ለጥፌ ቫርኒሽ ልቀባቸው ብለሻል። አንድ የተቀደደ የመታ ሌብልም አለሽ።

ላሚኔቱም ቫርኒሹም ይቅርብሽ። ለምን እንደሆነ ልንገርሽ።

ሌብል መሰብሰብ ከጀመርኩ 15 ዓመት አልፎኛል። መጀመሪያ ላይ ያሰብኩት ልክ እንዳንቺ ነበር። አሮጌ የቡና ጠረጴዛ አገኘሁና 30 የሚሆኑ ሌብሎች በኮላ ደረደርኩበት። ከላይ ቫርኒሽ ለቀለቅኩበት። በማግስቱ ሳየው ግማሾቹ ዘይት እንደነካው ወረቀት ሆነዋል። ከስር ያለው እንጨት በወረቀቱ ውስጥ አልፎ ይታያል። ነጭ የነበረው ሁሉ የሻይ ቀለም ይዟል። ከመካከላቸው አጎቴ ከአስመራ ያመጣት የሜሎቲ ሌብል ነበረች። ሜሎቲ ማለት ጣሊያናዊው ሉዊጂ ሜሎቲ በ1939 እ.ኤ.አ. አስመራ ላይ የጀመረው ቢራ ነው። ያቺን የመሰለች ሁለተኛ አላገኘሁም። ጠረጴዛው አሁንም በረንዳ ላይ አለ፤ እቃ ማስቀመጫ ሆኗል። ባየሁት ቁጥር ያናድደኛል።

ከዚያ ወዲህ አንድ ነገር ብቻ ነው የምጠብቀው። ዋናው ሌብል የገባበት ቦታ ሁሉ ነገ ሳይጎዳ መውጣት አለበት። ኮላ የለም፣ ፕላስተር የለም፣ ላሚኔት የለም። ላሚኔት በሙቀት ከወረቀቱ ጋር ይጣበቃል፤ ከዚያ በኋላ ማላቀቅ አይታሰብም። ያ ገጹ የሚያጣብቅ፣ ከላይ ላስቲክ ያለው የሠርግ ፎቶ አልበምም ያው ነው። ከዓመታት በኋላ ቢጫ ይሆናል፤ ሌብሉንም አልለቅ ይላል።

ታዲያ ምን ይደረግ? መጀመሪያ ሁሉንም ስካን አድርጊያቸው። በ600 ዲፒአይ (የስካኑ የጥራት መጠን ነው) ይሁን፤ ከዚያ ባነሰ ትንንሾቹ ጽሑፎች ይደበዝዛሉ። ጀርባቸውንም አትዝለይ። የኔ አጎት ጀርባው ላይ ቀን ይጽፍ ነበር፤ አባትሽም ጽፈው ሊሆን ይችላል። አንቺ የምትጨምሪው ነገር ካለ በስሱ በእርሳስ ጻፊ። እስክሪብቶ በጊዜ ብዛት ወደ ፊተኛው ገጽ ያልፋል።

ስካኑ ካለሽ እጅሽ ተፈታ ማለት ነው። በቀለም ፕሪንት አስደርጊና በኮፒው እንደልብሽ ተጫወቺ። ትሪ ላይ ለጥፊ፣ ቫርኒሽ ቀቢ፣ የመብራት ሼድ አልብሺበት። ቢበላሽ ሌላ ታትሚያለሽ። እንግዳ ኮፒ መሆኑን እንኳን አያውቅም፤ እኔም ካልተጠየቅኩ አልናገርም።

አሁን ወደ ዋናዎቹ። በጣም የምወደው የካርታው ነው። ትልቅ የኢትዮጵያ ካርታ በጥቁርና ነጭ አሳተምኩ፤ ቀለሙ ከሌብሎቹ ጋር እንዳይጣላ ብዬ ነው። ከዚያ እያንዳንዱን ሌብል ፋብሪካው ያለበት ከተማ አጠገብ አደረግኩት። ጊዮርጊስ አዲስ አበባ፣ መታ ሰበታ፣ ዳሸን ጎንደር፣ ሐረር ሐረር፣ በደሌ በደሌ። ሐበሻ ደብረ ብርሃን፣ ራያ ማይጨው፣ ዋልያ ደግሞ ቂሊንጦ። ሲደረደር ታሪኩ ራሱ ፊት ለፊት ይመጣል። ጊዮርጊስ ከ1922 እ.ኤ.አ. ጀምሮ አለ። ሐረር የመጣው በ1984፣ ዳሸን በ2000 እ.ኤ.አ. ነው። መታን የእንግሊዙ ኩባንያ ዲያጆ፣ በደሌንና ሐረርን የሆላንዱ ሄኒከን ከገዟቸው በኋላ ደግሞ የሌብሎቹ መልክ ተቀየረ። የድሮውንና የአዲሱን ጎን ለጎን ስታደርጊ እንግዳ ቆሞ ነው የሚያየው። የኔ አባት የድሮውን የሐረር ሌብል ሲያይ ሳይጠየቅ ስለ ድሬዳዋ ባቡር ማውራት ይጀምራል። ሜሎቲን ብታገኚ ካርታው ጫፍ ላይ፣ ከድንበሩ ወዲያ ቦታ ስጪው። ከ1993 እ.ኤ.አ. በፊት የታተመ ካርታ ካለሽ ግን ውስጥ ይገባል።

ካርታው ላይ አይለጠፉም። ከስስ ነጭ ወረቀት ትንንሽ ሦስት ማዕዘን ኪሶች እጠፊ፤ አራቱን የሌብሉን ጫፎች ይይዛሉ። ኮላው የሚነካው ኪሱን ብቻ ነው። አድካሚ ነው፤ እኔ አንድ ሙሉ እሁድ ፈጅቶብኛል። ግን ሌብሉ በፈለግሽው ሰዓት ሾልኮ ይወጣል።

ሁለተኛው ለጠባብ ሳሎን የሚሆን ነው። ብረታ ብረት ሠራተኛ ጋ ሂጂና አንድ ሜትር በ60 ሳንቲም የሆነ ላሜራ አስቆርጪ። ጠርዙን እንዲያጥፈው ንገሪው፤ እኔ ረስቼ ጣቴን ቆርጬ አውቃለሁ። ጥቁር ደብዛዛ ቀለም አስቀቢው። ከዚያ ቆርኪ ሰብስቢ። ሰፈር ያለ ግሮሰሪ ጠይቂ፤ አንድ ጆንያ ቢሰጡሽ ደስታቸው ነው። በየቆርኪው ሆድ ውስጥ ትንሽ ክብ ማግኔት ለጥፊ። ሌብሉን ስስ ላስቲክ ኪስ ውስጥ ታደርጊና በራሱ ቢራ ቆርኪ ላሜራው ላይ ታንጠለጥይዋለሽ። ማግኔቱ ላስቲኩን እንጂ ሌብሉን አይነካም። የኮንዶሚኒየም ግድግዳ ኮንክሪት ስለሆነ ድሪልና ፊሸር ያስፈልግሻል፤ ግን አራት ቀዳዳ ብቻ ነው። ለ40 ፍሬም 40 ቀዳዳ ከመብሳት ይሻላል፤ ጎረቤትም አይሰዳደብም።

ደግሞ 140ውንም በአንዴ አትስቀዪ። ግድግዳው የሱቅ መደርደሪያ ይመስላል። እኔ ከ20 በላይ አላወጣም። የቀሩት መጠኑ 10 በ15 ሳንቲም በሆነ የፎቶ አልበም ኪስ ውስጥ ናቸው። በየበዓሉ እቀያይራለሁ።

ፍሬም ከፈለግሽም ጥሩ ነው። አንድ ኤ4 ፍሬም አራት ሌብል ያምርበታል፤ ስድስት ካደረግሽ ይታፈናል። ብቻ ወረቀቱ መስታወቱን እንዳይነካ። በመሃል መስኮት የተቆረጠለት ወፍራም ካርቶን አስገቢ። ዳመን ባለ ቀን መስታወት ሲያልበው ወረቀቱ ይጣበቃል። ፀሐይ የሚመታው ግድግዳ ላይም አይሁን። ቀዩ ቀለም ነው ቀድሞ የሚሄደው፤ የኔ አንዱ በደሌ በሁለት ዓመት ሮዝ ሆኗል።

የቢሮ ጠረጴዛ መስታወት ስር ፎቶ ማድረግ እናውቅ የለ? ብዙ ሰው ሌብልም እንዲሁ ያደርጋል። ሳሎን ውስጥ ግን ቡና ይፈላል። አንድ ሲኒ ቡና ከተደፋ በመስታወቱ ጠርዝ ገብቶ እስከ መሃል ይሄዳል። እዚያ ኮፒ አድርጊ። ሌላም ጉዳይ አለ። እናቴ የጊዮርጊስን ሌብል የቡና ጠረጴዛ ስር ስታይ «የሰማዕቱን ስዕል እግራችሁ ስር?» ብላ ቤቱን አናወጠችው። ቢራ ነው ብላት አልሰማችኝም። ፈረሱም ጦሩም ዘንዶውም አለበት፤ ምን ልበላት? ከዚያ ቀን ጀምሮ ጊዮርጊስ ከሁሉም በላይ ነው የሚሰቀለው። ቤትሽ እናት የምትመጣ ከሆነ ይህን አስቢበት።

አዳዲስ ልጨምር ካልሽ የእኛ አገር ሌብል ቀላል ነው። ጠርሙሱ ወደ ፋብሪካ ተመልሶ ስለሚታጠብ ሙጫው በውሃ የሚለቅ ነው። ለብ ያለ ውሃ ውስጥ ግማሽ ሰዓት አቆዪው፤ ራሱ ይላቀቃል። በሁለት ንጹሕ ጨርቅ መሃል አድርጊና መጽሐፍ ጫኚበት። ጋዜጣ አይሁን፤ ቀለሙ ይጋባል። ከውጭ የሚመጡት ብዙዎቹ ግን እንደ ስቲከር ናቸው። ውሃ ውስጥ ብታሳድሪያቸውም ንቅንቅ አይሉም። ለእነሱ ጠርሙሱ ውስጥ ሙቅ ውሃ ጨምሪ፤ የፈላ ግን አይሁን፣ ይሰነጠቃል። ሲሞቅ ከአንድ ጫፍ ቀስ ብለሽ ሳቢ። የሚያጣብቀውን ጎን የኬክ መጋገሪያ ወረቀት ላይ አሳርፊው።

የተቀደደው መታ ቀረ። ስኮች ፕላስተር እንዳታስነኪው፤ ቡናማ መስመር ይተውበታል። ሁለቱን ቁራጭ አጋጥመሽ ላስቲክ ኪስ ውስጥ አስገቢ፤ ኪሱ አጥብቆ ይይዛቸዋል። ብቻውን ትንሽ ፍሬም ስጪው። ከማስገባትሽ በፊት ግን ጀርባውን ፎቶ አንሺና እዚህ ለጥፊልን። አባትሽ የጻፉበት ነገር ካለ እኔም ማየት እፈልጋለሁ።