ሰው ሲበር ዝም፣ ሾክ ሲሰጡ ጩኸት

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ የአምዱ አዘጋጅ። ባለቤቴ ድንገተኛ ክፍል የሚሠራ ነርስ ነው። ከሱ ጋር ፊልም ማየት አልቻልኩም። ሱፐርማን ከተማ ላይ እየበረረ ሲያልፍ አፉን ከፍቶ ያያል፣ ትንፍሽ አይልም። ግን የልብ ምት የሚያሳየው ሞኒተር ላይ መስመሩ ቀጥ ያለበትን በሽተኛ ለልቡ የኤሌክትሪክ ሾክ ሲሰጡት ብድግ ብሎ "ይሄማ ውሸት ነው!" ይላል። ከዚያ በኋላ ፊልሙ አለቀለት። "የሚበረውን ሰውዬ እንዴት አመንከው ታዲያ?" ስለው መልሱ "እሱ ሌላ ነው" ብቻ ነው። ሌላ የሆነው ምኑ ነው?
ፊልሜ የተበላሸብኝ፣ ከአዳማ

መልስ፦ እህቴ፣ አዝናለሁ፣ በዚህ እንኳ ከባልሽ ጋር ነኝ። እውነትም እሱ ሌላ ነው።

ሱፐርማን ገና ሲጀመር ከሌላ ፕላኔት እንደመጣ ይነግርሻል። አንቺም እሺ ትያለሽ። ከክሪፕተን የመጣ ሰው እንዴት እንደሚበር የሚያውቅ ጎረቤት የለንማ። የሆስፒታሉ ፊልም ግን "ይሄ የእናንተው ዓለም ነው" ብሎሽ ነው የጀመረው። ባልሽ ደግሞ ያንን ዓለም ሲሠራበት ይውላል። ሾክ የሚሰጠው ምቱ ለተዘበራረቀ ልብ ነው፣ ዝብርቅርቁን አስቁሞ ልብ በራሱ ምት እንዲነሳ ዕድል ለመስጠት። መስመሩ ቀጥ ካለ ግን ልቡ ጨርሶ ቆሟል፣ የሚቆም ዝብርቅርቅ የለም፤ ደረት መጫንና አድሬናሊን የሚባለውን መድኃኒት መስጠት ነው ሥራው። ስለዚህ ሰውዬሽ የጮኸው ፊልሙ የገባውን ቃል ስላፈረሰ ነው።

ነገሩ አዲስ አይደለም። አርስቶትል ከ2,300 ዓመት በፊት ለደራሲዎች ሲመክር፣ የማይሆን ነገር ሆኖ የሚያሳምን፣ ሊሆን ችሎ ከማያሳምን ይሻላል ብሏል። እንግሊዛዊው ገጣሚ ኮልሪጅ ደግሞ በ1817 (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ያዢልኝ) አንባቢ ጥርጣሬውን ለጊዜው ወደ ጎን የሚያደርገው በፈቃዱ ነው ሲል ጻፈ። በፈቃዱ የምትለዋን ያዢልኝ። ሲኒማ ቤት የተቀመጠ ሰው አልተሸወደም፤ ፈቅዶ ነው፣ የፈቀደውንም በፈለገ ሰዓት መልሶ ይወስዳል።

በ1997 የወጣውን ታይታኒክን እንይ። ለቀረጻው መርከቡን ሜክሲኮ አገር፣ የባሕር ዳርቻ ላይ ሲሠሩት ሙሉ አድርገው የሠሩት ቀኝ ጎኑን ብቻ ነበር። እንግሊዝ አገር ሳውዝሃምፕተን ወደብ ላይ ደግሞ እውነተኛው መርከብ የቆመው በግራ ጎኑ ነው። ምን አደረጉ? ልብሱና ታርጋው ላይ ያለውን ጽሑፍ ሁሉ ገልብጠው ጻፉ፣ ቀረጹ፣ ከዚያ ምስሉን እንደ መስታወት ገለበጡት። ያን ያህል ሕዝብ ሲያለቅስ ወጣ እንጂ ይሄን ልብ ያለ ስንት ነው? በዚያው ፊልም ግን ጀግናዋ ባሕር ላይ ተንሳፋ ሰማዩን ስታይ፣ ኒል ደግራስ ታይሰን የሚባለው አሜሪካዊ የጠፈር ሊቅ ከዋክብቱ መርከቡ የሰጠመባት የዚያች የ1912 ሌሊት አይደሉም ብሎ ነገሩን ያዘ። ዳይሬክተሩ ጄምስ ካሜሮን በ2012 ፊልሙ እንደገና ሲወጣ ሰማዩን አስተካከለው። ባልሽም እንደ ታይሰን ነው፣ ልዩነቱ የሚያስተካክልለት ዳይሬክተር ማጣቱ ብቻ ነው።

እኛስ ብንሆን? ቃና ቴሌቪዥን በ2016 ሲጀምር የቱርክ ሰዎች ኢስታንቡል ቁጭ ብለው በአማርኛ ሲጣሉ አየን። ከንፈራቸው ከቃሉ ጋር አይገጥምም። ማን አማርኛ አስተማራቸው ብሎ የጠየቀ ሰው ግን አላጋጠመኝም፤ ተስማማን፣ አለቀ። ድሮ ቪዲዮ ቤትም ሕጉ የታወቀ ነበር፣ አክተሩ አይሞትም። መቶ ጥይት ቢስተው ማንም ቅር አይለውም፣ ቅር የሚለን ከሞተ ነው።

የአማርኛ ፊልም ላይ ስንደርስ ግን ሁላችንም ነርስ እንሆናለን። የቤት ኪራይ አጥታ የምታለቅስ ልጅ ጠዋት ከነሊፒስቲኳና ከተሠራ ፀጉሯ ስትነቃ አዳራሹ በሳቅ ያልቃል፣ ምክንያቱም የኪራይ ቤትን ጠዋት ሁሉም ያውቀዋል። "ፊልም እኮ ነው" የሚሉ ፊልም ሠሪዎች አሉ፣ እኔ ይሄን ሰበብ አልቀበልም። ስለ ጭራቅ ፊልም ቢሆን እሺ፤ ስለ ኪራይ ቤት ከሆነ ግን አንድ ቀን ሄዶ ማየት ምን ያስከፍላል?

ደግሞ አንድ ነገር ታዘቢው፣ ባልሽ ታሪኩ ሲይዘው እንዲህ ይጮኻል? እኔ እንዳየሁት ሰው ስህተት መልቀም የሚጀምረው ሲሰለቸው ነው። ጥሩ ፊልም ላይ ስህተቱን አይቶም ያልፈዋል፣ ቢበዛ ካለቀ በኋላ ያነሳዋል።

ስለዚህ ከሱ ጋር የጠፈር፣ የጭራቅ፣ የሚበር ሰው ፊልም ክፈቱ። ሆስፒታል ያለበትን እሱ ማታ ተረኛ ሲሆን ብቻሽን እዪው።